ስትታመሙ ምን ይጻፍላችኋል?



አምና በበረዶው ወራት የሳንባ ምች ይዞኝ አምስት ሳምንት ከቤት አልወጣሁም። መጀመሪያ ስልኬን ስነካካ ይመሽ ነበር። ከዚያ ቡኻሪ የዘገቡት ሐዲስ ትዝ አለኝ፦ ሰው ሲታመም፣ ጤነኛ ሳለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ ይጻፍለታል። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን ደነገጥኩ። ጤነኛ ሳለሁ ሥራ በዛብኝ እያልኩ ቁርኣን ሳልከፍት ሳምንታት ያልፉ ነበር። ታዲያ ምን ሊጻፍልኝ ነው?

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታሞ ለጠየቃቸው ለዒምራን ቢን ሑሰይን (ረ.ዐ)፣ ቆሞ እንዲሰግድ፣ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካቃተው በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ ነግረውታል። እኔም ተቀምጬ ሰገድኩ። 30 አያ ያለውን ሱረቱል ሙልክ በቀን አንድ አያ እየሐፈዝኩ በ30 ቀን ጨረስኩ፤ አልሐምዱሊላህ።

እናንተ ዛሬ ጤነኞች ናችሁ። ትንሽም ብትሆን አንድ መልካም ሥራ ጀምሩና አታቋርጡ። በታመማችሁ ቀን፣ ኢንሻአላህ፣ የምትጻፍላችሁ እሷ ናት።