የማይቀለበሰውን መመዝገብ፦ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች የመቀልበሻ መሣሪያ ሰነድ አዘገጃጀት

መግቢያ

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል (ኤጀንት) ጥያቄ ከመመለስ አልፎ ፋይል ይጽፋል፤ መልእክት ይልካል፤ ክፍያ ይፈጽማል። ስሕተቱም በዚያው ልክ ከቃል ወደ ድርጊት ይሸጋገራል። ስለዚህ ወኪሉ የሠራውን ወደ ኋላ የሚመልስ መቀልበሻ መሣሪያ ማስፈለጉ አያከራክርም። የሚያከራክረው የመሣሪያው ሰነድ ለተጠቃሚው የሚገባው ቃል ነው። ይህ ጽሑፍ የመቀልበሻ ሰነድ ምን መያዝ እንዳለበት ይመረምራል፤ ሰነዱ ከሚቀለበሰው አስቀድሞ የማይቀለበሰውን በግልጽ ማስፈር አለበት ሲልም ይሞግታል።

ሁለት ማስረጃዎች

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ብልሽት ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ችለው ነበር። ባንኩ ችግሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ፣ በእነዚያ ሰዓታትም ከ490 ሺህ በላይ ግብይቶች እንደተፈጸሙ ገልጿል። ክስተቱ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር ባይገናኝም የመቀልበስን ወሰን በጉልህ ያሳያል። በመዝገብ ላይ ብቻ ያለ ቁጥር በመዝገብ ይስተካከላል፤ በጥሬው ወጥቶ እጅ የገባ ገንዘብ ግን በትእዛዝ አይመለስም። ባንኩ ገንዘቡ እንዲመለስ ጥሪ አቀረበ፤ ኋላም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ይፋ አደረገ። ይህ መቀልበስ ሳይሆን ማካካስ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ወኪልን በቀጥታ ይመለከታል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የሪፕሊት ኩባንያ ኮድ ጸሐፊ ወኪል፣ ለውጥ እንዳያደርግ ታዝዞ ሳለ፣ ጄሰን ሌምኪን የተባለ አሜሪካዊ ባለሀብት ይሠራበት የነበረውን ዳታቤዝ ሰረዘ። ወኪሉ የተሰረዘውን መመለስ እንደማይቻል ተናገረ፤ ተጠቃሚው ሲሞክረው ግን ተመለሰ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ስለ መቀልበስ የሚነገረው ከወኪሉ አንደበት ሳይሆን አስቀድሞ ተፈትኖ ከተጻፈ ሰነድ መምጣት አለበት።

የድርጊቶች አመዳደብ

ሄክተር ጋርሲያ ሞሊና እና ኬኔት ሳሌም እ.ኤ.አ. በ1987 ባቀረቡት «ሳጋስ» የተሰኘ ጥናት፣ ረጅም ግብይት በትናንሽ ደረጃዎች ተከፍሎ ለየደረጃው ማካካሻ ድርጊት እንዲዘጋጅለት ሐሳብ አቅርበዋል። ይህን መነሻ በማድረግ የወኪል ድርጊቶችን በሦስት መመደብ ይቻላል።

ለአብነት፣ የቀላል ባቡሩ ምሥራቃዊ መድረሻ በሆነው አያት አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ወኪል ይጠቀማል እንበል። ወኪሉ የሲሚንቶ ዋጋን በተሳሳተ ቁጥር ለወጠ፤ ለደንበኞች አጭር መልእክት ላከ፤ ለአቅራቢም በቴሌብር ቀብድ ከፈለ። የዋጋው ሠንጠረዥ ቀድሞ የነበረው ቁጥር ከተያዘ ይቀለበሳል። ክፍያው ተቀባዩ ሲስማማ ብቻ በሌላ ክፍያ ይካካሳል። መልእክቱ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው፤ ማረሚያ ይላክ ይሆናል እንጂ ደንበኛው ያነበበውን ዋጋ አላነበበም ማለት አይቻልም። ሦስቱን ድርጊቶች «ሁሉንም ቀልብስ» በሚል አንድ አዝራር ሥር ያስቀመጠ ሰነድ ባለሱቁን ያሳስታል።

ሰነዱ ሊይዛቸው የሚገቡ ነጥቦች

አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ድርጊት ምድብ ከድርጊቱ በፊት ይገለጽ፤ የማይቀለበሰው የሰው ፈቃድ ይጠየቅበት። ሁለተኛ፣ ቀድሞ የነበረው ይዞታ የትና እስከ መቼ እንደሚቀመጥ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ቅልበሳው ከመጨረሻው ድርጊት ወደ መጀመሪያው እንደሚሄድ ይነገር፤ ኋለኛው በፊተኛው ላይ የቆመ ነውና። አራተኛ፣ ከወኪሉ በኋላ ሰው የለወጠው ነገር ሲኖር መሣሪያው ቆሞ ይጠይቅ። በምሳሌው መሠረት የመደብሩ ሠራተኛ ዋጋውን በእጁ አርሞት ከነበረ፣ በጭፍን መቀልበስ የሠራተኛውን እርማት ያጠፋል። አምስተኛ፣ ትእዛዙ ሁለት ጊዜ ቢሰጥ ማካካሻው አንድ ጊዜ ብቻ መፈጸሙ ይረጋገጥ፤ አለዚያ ተመላሽ ገንዘብ በእጥፍ ይወጣል። ስድስተኛ፣ ከቅልበሳው በኋላ የተመለሰውና ያልተመለሰው ተለይቶ ለተጠቃሚው ይቅረብ።

ማጠቃለያ

የመቀልበሻ መሣሪያ ድፍረት ይሰጣል፤ አደጋውም በዚሁ ላይ ነው። ሁሉም ይመለሳል ብሎ ያመነ ተጠቃሚ በራሱ አቅም ሊያደርግ የሚችለውን ጥንቃቄ ይተዋል፤ ምንም አይመለስም የተባለውም ሊድን የሚችለውን ሥራ ይጥላል። የፈሰሰ ውኃ እንደማይታፈስ የሚናገር፣ ያልፈሰሰውንም ለይቶ የሚያሳይ ሰነድ ከሁለቱም ስሕተት ይጠብቃል። ስለዚህ የሰነዱ ዝግጅት መሣሪያው ካለቀ በኋላ የሚታከል ሥራ ሳይሆን የመሣሪያው ንድፍ አካል ሊሆን ይገባል፤ ምድቡ በሰነድ ላይ ሊጻፍለት ያልቻለ ድርጊት ለወኪል ባይሰጥ ይመረጣል።