ግራ እጅ ሲማር፦ የአሠራር ቅደም ተከተልን የሚገልጽ ድርሰት

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ፦
1. አንድን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ጽፋችሁ ለማስረዳት፤
2. ቦዝ አንቀጽንና «እየ» የተጨመረበትን ግሥ በየቦታቸው ለመጠቀም ትችላላችሁ።

ከማንበባችሁ በፊት

በየቀኑ የምትሠሩትን አንድ ቀላል ሥራ፣ ለምሳሌ የጫማ ክር ማሰርን፣ አስቡ። ሥራውን በእጃችሁ ሳታሳዩ በቃል ብቻ ለጓደኛችሁ አስረዱ። ጓደኛችሁም የተነገረውን ብቻ ይፈጽም። ቢሳሳት ስሕተቱ የእጁ ነው ወይስ የቃላችሁ? ተወያዩበት።

ሀ. ምንባብ

የዓባይ ወንዝ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን አቋርጦ ወደ ሱዳን ይገባል። ሰው ፊቱን ወንዙ ወደሚፈስበት አቅጣጫ አዙሮ ቢቆም፣ የበለስ ወንዝ በቀኙ፣ የዳቡስ ወንዝ ደግሞ በግራው ወደ ዓባይ የሚገቡ ናቸው። በእነዚህ ወንዞች ዳር የሚኖረው ሕዝብ ከእርሻው ጎን ለጎን ዓሣ ያጠምዳል። በጉባ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በ2012 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ንጋት የተባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ለአጥማጆች ሌላ የሥራ ቦታ ሆኗል። ይሁን እንጂ አንድ ዘንግ፣ አንድ ክርና አንድ መንጠቆ ብቻ ይዞ በወንዝ ዳር የሚቆም ሰው ዛሬም አለ። የሚከተለው ታሪክ እንዲህ ስላለ አጥማጅና ስለ እኅቱ ልጅ ነው።

በአሶሳ ከተማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የነበረ አንድ ልጅ ማንጎ ሊያወርድ ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደቀና ቀኝ ክንዱ ተሰበረ። በሐኪም ቤት ክንዱ በጄሶ ታሰረለት። የተጎዳው ግን ክንዱ ብቻ አልነበረም። መጻፍ ስለተሳነው ከጓደኞቹ ወደ ኋላ የሚቀር መሰለው። በግራ እጁ ለመጻፍ ሞክሮ ፊደሉ ዶሮ የጫረችው ሲመስልበት ደብተሩን ዘግቶ ተቀመጠ። «በግራ እጅ አይበላም፤ ለታላቅ ሰው በግራ እጅ ዕቃ አይሰጥም» እየተባለ ስላደገ፣ ግራ እጁን እንደ እንግዳ ይቆጥረው ነበር።

ልቡ ይጽናና ዘንድ እናቱ ወደ ወንድሟ ላከችው። አጎቱ የሚኖሩት በዳቡስ ወንዝ አጠገብ ሲሆን ለብዙ ዓመታት ዓሣ ያጠመዱ ሰው ናቸው። ዘንጋቸው የቆላ ቀርከሃ ነው። በአሶሳ ዙሪያ በብዛት የሚበቅለው ይህ ቀርከሃ እንደ ደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሳይሆን ድፍን ስለሆነ፣ ይጎብጣል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም።

አጎትየው ዘወትር ከሚቆሙበት ቦታ በስተቀኝ ቅርንጫፉ ወደ ውሃው ያዘነበለ ትልቅ ሾላ ነበር። ከሾላው ሥር አምባዛ እንደሚውል ያውቃሉ፤ ነገር ግን ዘንጉን በቀኝ እጃቸው ባነሡ ቁጥር ክሩ ከቅርንጫፉ ጋር ይተበተብባቸው ስለነበር ቦታውን ትተውት ኖረዋል።

ልጁም፣ «አጎቴ፣ እንዴት እንደሚወረውሩ ቢነግሩኝ በግራ እጄ እሞክር ነበር» አላቸው።

አጎቱ «እንዲህ ነው» ብለው በቀኝ እጃቸው ወረወሩ። መንጠቆው ካሰቡት ቦታ ጠብ አለ። ልጁ ግን የያዘው ነገር አልነበረም። «እንዴት?» አለ ዳግመኛ። «እንዲህ ነው እኮ!» አሉና ደግመው ወረወሩ። ሦስት ጊዜ አሳዩት፤ ሦስት ጊዜም «እንዲህ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አላገኙም። በመጨረሻ ሣቅ ብለው፣ «ልጄ፣ እጄ ያውቀዋል፤ አፌ ግን አያውቀውም» አሉት።

ጥቂት ካሰቡ በኋላ መንጠቆውን ፈትተው በምትኩ ትንሽ ጠጠር በክሩ ጫፍ አሰሩ። ከውሃው ርቀው ወደ ሜዳው ወጡና ሰፌድ መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያም ዘንጉን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው ወረወሩ። ጠጠሩ ከእግራቸው ሥር ወደቀ። «ክሩን ቀድሜ ለቀቅሁት» አሉ። እንደገና ወረወሩ። ክሩ ከጣታቸው ተመንጭቆ ጠጠሩ ወደ ራሳቸው ተመለሰ። «አሁን ደግሞ ዘገየሁ» አሉ። በሦስተኛው ዘንጉን አጥብቀው ስለጨበጡት ክንዳቸው ደረቀ። «አሃ፣ ቀኝ እጄ እንዲህ አይጨብጥም» አሉ። ቀኝ እጃቸው ለዓመታት ሳይናገር የሠራውን፣ ግራ እጃቸው በየስሕተቱ አንድ አንድ ቃል አወጣው። በዚህ ጊዜ ልጁን ጠርተው እንዲህ አሉት፦

«በመጀመሪያ ኋላህንና ጎንህን አይተህ ሰው አለመኖሩን አረጋግጥ። በግራ እጁ ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው ቀኝ እግርህን ጥቂት አስቀድመህ ቁም። የዘንጉን እጀታ በግራ እጅህ ይዘህ አውራ ጣትህን በላዩ ላይ ወደ ጫፉ አቅጣጫ ዘርጋ፤ አጥብቀህ ግን አትጨብጠው። ከጄሶው ውጭ በቀሩት የቀኝ እጅህ ሁለት ጣቶች ክሩን ከጠጠሩ ከፍ አድርገህ ያዝ፤ ወንዙ ዳር ስንመለስም መንጠቆውን ራሱን አትንካ። የዘንጉን ጫፍ ዝቅ አድርገህ ክሩን ጥቂት ወጥር። ከዚያም በእጅ አንጓህ ጫፉን ወደ ላይ እያነሣህ ክሩን ልቀቀው። ጠጠሩ ተወዛውዞ ወደ ፊት ሲሄድ በዓይንህ ተከተለው፤ ክሩ ሲዘረጋ ጫፉን ቀስ ብለህ አውርድ።»

በመጀመሪያው ቀን ልጁ ሃያ ጊዜ ወርውሮ ሁለቱን ብቻ ሰፌዱ ላይ አሳረፈ። በአራተኛው ቀን ሰባት፣ በሰባተኛው ቀን አሥራ ሁለት አሳረፈ። በየማታው እጁ ሲዝል ያቆማል እንጂ ተናድዶ አይቀጥልም ነበር። በስምንተኛው ቀን ወደ ወንዙ ወርደው፣ አዞና ጉማሬ አለመኖሩን አጎቱ ካረጋገጡ በኋላ፣ መንጠቆውን ከሾላው ሥር ጣለው። ያን ቀን ዓሣ አልያዘም። በማግስቱ ግን አጎቱ እንደ እርሱ በግራ እጃቸው ወርውረው ከዚያው ቦታ አንድ አምባዛ አወጡ።

ልጁ ወደ አሶሳ እንደተመለሰ የዘጋውን ደብተር ከፍቶ አጎቱ የነገሩትን በግራ እጁ ጻፈው። ፊደሉ አሁንም ዶሮ የጫረችው ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ይነበብ ነበር።

ለ. ስለ ምንባቡ ተጨማሪ ማብራሪያ

ከአሥር ሰዎች አንዱ ያህል በተፈጥሮው ግራኝ ነው። ቀድሞ በብዙ አገር ግራኝ ልጆች በቀኝ እጃቸው እንዲጽፉ ይገደዱ ነበር፤ ዛሬ ግን ማስገደዱ እንደማይገባ ይታወቃል። ቀኝ እጁን የለመደ ሰውም ቢሆን ግራውን ማሠልጠን ይችላል። አንድ እጅ የተማረውን ሌላው በከፊል ይወርሳል። በ1894 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ተመራማሪ የነበረው ኤድዋርድ ስክሪፕቸር ከባልደረቦቹ ጋር ባደረገው ሙከራ፣ አንድ እጅ ሲሠለጥን ያልሠለጠነው እጅም እንደሚሻሻል አሳይቷል። ምክንያቱም ሥልጠናው በጡንቻ ብቻ ሳይሆን፣ ሁለቱንም እጆች በሚያዘው በአንጎል ውስጥ ጭምር ስለሚቀመጥ ነው።

ሐ. ቃላትና ሐረጎች

ድፍን — ውስጡ ክፍት ያልሆነ
አንጓ — መገጣጠሚያ
ተመነጨቀ — በድንገትና በኃይል ተነጠቀ
ዛለ — ደከመ፣ ኃይል አጣ
ግራ ገባው — የሚያደርገውን አጣ
ቀኝ ያውልህ — ቀንህ የተቃና ይሁን
ቀኝ አዝማች፣ ግራ አዝማች — በቀድሞው ሠራዊት የቀኝና የግራ ክንፍ አዛዦች ማዕረግ

ከመጨረሻዎቹ ሦስቱ እንደምትረዱት ቋንቋችን መልካሙን ለቀኝ፣ ችግሩን ለግራ ሰጥቷል። ይሁን እንጂ ሠራዊት ያለ ግራ ክንፍ እንደማይሰለፍ፣ «አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም» የሚለውም ተረት የራሳችን ነው።

መ. ሰዋስው፦ ቦዝ አንቀጽ

ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዐረፍተ ነገርን የማይዘጋ፣ ከዐቢይ አንቀጽ በፊት የተፈጸመን ድርጊት የሚያመለክት ግሥ ነው። «ያዘ» ከሚለው ግሥ፦ ይዤ፣ ይዘህ፣ ይዘሽ፣ ይዞ፣ ይዛ፣ ይዘን፣ ይዛችሁ፣ ይዘው ይላል።

1. ቦዝ አንቀጽ ቅደም ተከተልን ያሳያል። «መንጠቆውን ፈትተው ጠጠር አሰሩ» ሲባል መፍታቱ ይቀድማል፤ ማሰሩ ይከተላል።

2. ሁለት ድርጊቶች በአንድ ጊዜ ሲፈጸሙ ግን «እየ» ይጨመራል። የሚከተሉትን አነጻጽሩ፦
   ሀ) ጫፉን አንሥቶ ክሩን ለቀቀ።
   ለ) ጫፉን እያነሣ ክሩን ለቀቀ።
   በ(ሀ) ማንሣቱ ካለቀ በኋላ ክሩ ይለቀቃል፤ አጎትየው «ዘገየሁ» ያሉት ይህን ነው። በ(ለ) ማንሣቱና መልቀቁ አብረው ይሆናሉ፤ ትክክለኛው አወራወርም ይኸው ነው። እንግዲህ የግሡን መልክ የሳተ ጸሐፊ አንባቢውን መንጠቆ በራሱ ላይ እንዲጥል ያደርገዋል ማለት ነው።

3. የቦዙና የዐቢይ አንቀጹ ባለቤት በአብዛኛው አንድ ነው። «ወንዙ ዳር ደርሼ ዓሣው ሸሸ» ከማለት «ወንዙ ዳር በደረስሁ ጊዜ ዓሣው ሸሸ» ማለት ይሻላል።

4. ቦዝ አንቀጽን ያለ ልክ አትደርድሩ። «ሄዶ፣ ቆሞ፣ ይዞ፣ አንሥቶ፣ ለቅቆ፣ ወርውሮ ተቀመጠ» የሚል ዐረፍተ ነገር አንባቢን ያደክማል። ሁለት ወይም ሦስት ቦዝ ከተጠቀማችሁ በኋላ በዐቢይ አንቀጽ ዝጉ።

ሠ. ድርሰት አጻጻፍ

የአንድን ሥራ አሠራር የሚገልጽ ድርሰት ስትጽፉ እነዚህን አስታውሱ፦

1. አንባቢው ሥራውን አይቶ እንደማያውቅ ቁጠሩ። «እንዲህ ነው» የሚል ቃል በጽሑፍ ውስጥ ምንም አያሳይም።
2. የሚያስፈልጉትን ዕቃዎች አስቀድማችሁ ግለጹ።
3. እርምጃዎቹን በተሠሩበት ተራ አስቀምጡ፤ አደጋ የሚያስከትለውን ማስጠንቀቂያ ከእርምጃው በፊት እንጂ በኋላ አትጻፉ።
4. ለምን እንደሚደረግ በማይታወቅበት ቦታ ምክንያቱን ጨምሩ።
5. ሥራውን በጣም ስለለመዳችሁት ቃል ካጣችሁ፣ በግራ እጃችሁ ሞክሩት፤ ግራኝ የሆናችሁም በቀኝ። የምትሳሳቱበት ቦታ ሁሉ አንድ ዐረፍተ ነገር የሚፈልግ ቦታ ነው።

ረ. መልመጃ

አንድ፦ ከምንባቡ በመነሣት የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልሱ።
1. አጎትየው ከሾላው ሥር ሳያጠምዱ የኖሩት ለምንድን ነው?
2. «እጄ ያውቀዋል፤ አፌ ግን አያውቀውም» ማለት ምን ማለት ነው? ከራሳችሁ ኑሮ አንድ ምሳሌ ስጡ።
3. ከአጎትየውና ከልጁ ማን ማንን አስተማረ? መልሳችሁን በምክንያት አስደግፉ።

ሁለት፦ በቅንፍ ያሉትን ግሦች በቦዝ አንቀጽ ወይም «እየ» በመጨመር አስተካክላችሁ ጻፉ።
1. ልጁ ደብተሩን (ከፈተ) ጻፈ።
2. እናቲቱ (ዘፈነች) እንጀራ ጋገረች።
3. አጥማጆቹ መረቡን (ጣሉ) እስኪነጋ ጠበቁ።
4. ጠጠሩን በዓይኑ (ተከተለ) ጫፉን አወረደ።

ሦስት፦ ከሚከተሉት በአንዱ ከአሥራ አምስት ያላነሱ መስመሮች ያሉት ድርሰት ጻፉ።
1. በማታዘወትሩት እጅ ስምን መጻፍ
2. ቡና አፈላል
3. በአካባቢያችሁ የሚሠራ አንድ የቀርከሃ ዕቃ አሠራር

ድርሰታችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ለጓደኛችሁ አንብቡለት። እርሱም እናንተን ሳይጠይቅ፣ የሰማውን ብቻ ተከትሎ ሥራውን ይሥራ። በቆመበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉና አስተካክላችሁ ጻፉት።