ሕፃናት እንግሊዝኛን ከስክሪን የሚማሩት መቼ ነው?

በርካታ ወላጆች ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ከመግባታቸው አስቀድሞ እንግሊዝኛ እንዲለምዱ በማሰብ በስልክ ወይም በታብሌት የመዝሙርና የፊደል ቪዲዮ ይከፍቱላቸዋል። ሕፃኑ ዜማውን ተከትሎ ሲያንጎራጉር ትምህርቱ የሰመረ ይመስላል። በሕፃናት የቋንቋ ትምህርት ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ግን ከሰዓቱ ብዛት ይልቅ ከስክሪኑ ወዲያ ለልጁ ምላሽ የሚሰጥ ሰው መኖሩ ወሳኝ መሆኑን ያመለክታሉ።

ድምፅ መስማት ብቻውን አይበቃም

በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤተሰብ የሚያድጉ የ9 ወር ሕፃናት በ12 ክፍለ ጊዜ የቻይናን ማንዳሪን ቋንቋ እንዲሰሙ ተደረገ። አንዱ ቡድን ከቋንቋው ተናጋሪዎች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ መጽሐፍ ተነበበለት፣ በመጫወቻም ተጫወተ። ሌሎቹ እነዚያኑ ሰዎች በቴሌቪዥን ተመለከቱ ወይም ድምፃቸውን ብቻ ሰሙ። ፊት ለፊት የተማሩት ሕፃናት በእንግሊዝኛ የማይገኝ የድምፅ ልዩነት መለየት ቻሉ። ከቴሌቪዥንና ከተቀዳ ድምፅ የሰሙት ግን ማንዳሪንን ፈጽሞ ካልሰሙት የተሻለ ውጤት አላሳዩም።

ምላሽ የሚሰጥ ስክሪን

ታዲያ ችግሩ ስክሪኑ ራሱ ነውን? ሳራ ሮዝቤሪ፣ ካቲ ኸርሽ-ፓሴክና ሮቤርታ ጎሊንኮፍ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። ከ24 እስከ 30 ወር የሆናቸው 36 ሕፃናት አዳዲስ ግሦችን በሦስት መንገድ ተማሩ፦ ፊት ለፊት፣ በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ፣ እንዲሁም መምህሯ ከሌላ ልጅ ጋር ስትነጋገር በተቀዳ ቪዲዮ። በቪዲዮ ጥሪ የተማሩት ፊት ለፊት እንደተማሩት ሁሉ ግሦቹን አወቁ፤ የተቀዳውን የተመለከቱት አላወቁም። በተቀዳው ቪዲዮም መምህሯ ትጠይቃለች፤ ነገር ግን ንግግሯ ተመልካቹ ሕፃን ለሚያደርገው ነገር ምላሽ አልነበረም።

ሕፃን ቃልን ከትርጉሙ ጋር የሚያያይዘው በአብዛኛው እርሱ ራሱ የሚያየው ወይም የሚያመለክተው ነገር በዚያው ቅጽበት ሲጠራለት ነው። የተቀዳ ቪዲዮ ይህን አያደርግም። ዕድሜያቸው ከፍ ያሉ ልጆች ከቪዲዮ ቃላት ሊለቅሙ ቢችሉም፣ ንግግር የሚለመደው በመናገር ነው።

የቻይና ልምድ

እ.ኤ.አ. በ2013 በቻይና የተመሠረተው ቪፕኪድ ልጆችን በሰሜን አሜሪካ ከሚገኙ መምህራን ጋር አንድ ለአንድ በቪዲዮ ያገናኝ ነበር። አንዱ ትምህርት የሚፈጀው 25 ደቂቃ ያህል ነበር፤ መምህራኑም በእጅ ምልክትና በአሻንጉሊት ይታገዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የቻይና መንግሥት የተማሪዎችን ጫናና የወላጆችን ወጪ ለመቀነስ ባወጣው ደንብ በውጭ አገር የሚኖሩ መምህራንን ለዚህ ሥራ መቅጠር ተከለከለ። ትምህርቱ የቆመው ዘዴው ከሽፎ ሳይሆን፣ ውድድሩ በቤተሰብ ላይ ሸክም ሆኗል በሚል ነበር።

ወላጆች ምን ያድርጉ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን መመልከት አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ቢያንስም ይመረጣል። ስለዚህ ጊዜው ጥቂት ከሆነ በአግባቡ ሊመረጥ ይገባል። ልጁን በስሙ የሚጠራ፣ ጠይቆ መልሱን የሚጠብቅ መምህር ከብዙ ቪዲዮ ይበልጣል። ወላጅም አብሮ ተቀምጦ፣ የተማሩትን ቃል በኋላ በማዕድ ወይም በጨዋታ ላይ ቢደግመው ቃሉ ከልጁ ሕይወት ጋር ይተሳሰራል።

ለእንግሊዝኛ ሲባል ከልጁ ጋር አማርኛ መናገርን መተው አያስፈልግም፤ ሕፃናት ሁለት ቋንቋ በአንድነት መልመድ ይችላሉና። ይኸው መርሕ በውጭ አገር አማርኛን ለሚያስተምሩ ቤተሰቦችም ይሠራል። አያት በቪዲዮ ጥሪ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው የልጅ ልጃቸውን መልስ ሲጠብቁ፣ የተቀዳ ፊልም ሊሰጥ የማይችለውን ትምህርት እየሰጡ ነው።