ለደከመው እግር ሥራ ይስጡት

ስትሮክ ግማሽ ጎንዎን ካደከመው ወዲህ፣ ሲቆሙ ክብደትዎ የት ላይ እንደሚያርፍ ልብ ብለው ያውቃሉ? ሸክሙን ችሎ የሚቆመው ጤነኛው እግር ነው፤ የደከመው ወለሉን ነካ ከማድረግ አያልፍም። አይፈረድብዎትም፣ የከዳውን እግር ማን አምኖ ይረግጣል? ነገር ግን ያልተረገጠበት እግር መርገጥን እየረሳ፣ ጡንቻውም እየሰለለ ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፦ ለዚያ እግር ሥራ ይስጡት!

ሚዛን መጠበቅ የጉልበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዓይን ያየው፣ የውስጠኛው ጆሮ የተገነዘበው፣ ከውስጥ እግርና ከመገጣጠሚያ የመጣው ስሜት አንጎል ውስጥ ሲገናኝ ነው ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው። ስትሮክ ይህን ያናጋል። አንዳንዱ ተረከዙ መሬት መንካቱን አያውቅም። ሌላው፣ በተለይ የቀኝ አንጎሉ የተጎዳ ሰው፣ ግራ ጎኑን እስከ መርሳት ይደርሳል። ጥቂቶች ደግሞ በጤነኛው እጃቸው እየገፉ ወደ ደካማው ጎን ያዘነብላሉ፤ ሊያቃኗቸው ሲሞክሩ የሚወድቁ ስለሚመስላቸው ይታገላሉ። እልኸኝነት አይደለም፤ አንጎላቸው «ቀጥ ብያለሁ» የሚልበት መስመር ራሱ ስለተዛባ ነው። ይህን ቢያውቅ ስንቱ ቤተሰብ ከቁጣ በዳነ!

ደግነቱ አንጎል እንደገና ይማራል። ፔድሮ ባክ ኢ ሪታ ኒውዮርክ በሚገኘው ሲቲ ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩ የካታላን ገጣሚ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በ65 ዓመታቸው፣ ስትሮክ ግማሽ አካላቸውን ሽባ አደረገ፤ አንደበታቸውንም ያዘ። የሕክምና ተማሪ የነበረው ልጃቸው ጆርጅ ሜክሲኮ ወስዶ መራመድን ሳይሆን መዳህን አስጀመራቸው። ደካማውን ትከሻ ግድግዳ እያስደገፉ ለወራት ዳሁ። ጎረቤት ለፕሮፌሰር ነውር ነው ብሎ አማ፤ ልጁ አልሰማም። ድስት ሲያጥቡ እንኳ የሚያሽከረክረው ደካማው እጅ ነበር። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ አባት ወደ ማስተማሩ ተመለሱ። ከዓመታት በኋላ ያረፉትም ኮሎምቢያ ውስጥ ተራራ ሲወጡ ነው። አስከሬናቸው ሲመረመር የስትሮኩ ቁስል አሁንም ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ። ያን ሁሉ የሠሩት በተረፈው የአንጎል ክፍል ነበር ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ እንቅፋት የሚሆነው ፍቅር ነው። «እማዬ አትነሺ፣ እኔ አለሁልሽ» እንላለን። ውሃው፣ ስልኩ፣ መቁጠሪያው ሁሉ በጤነኛው እጅ በኩል ይቀርባል። እባካችሁ ልጆች፣ ቡና ሲፈላ የፈንዲሻውን ሳህን በደካማው ጎን በኩል ትንሽ ራቅ አድርጉት። እናታችሁ በጤነኛ እጃቸው ተሻግረው ሲዘረጉ ክብደታቸው ደካማው ዳሌ ላይ ያርፋል። ይህ እውነተኛ ልምምድ ነው፤ አጠገባቸው ሁኑ እንጂ አትቅደሟቸው።

ከዚያ ከወንበር መነሳት ይመጣል። ፊዚዮቴራፒስትዎ ከፈቀዱ በኋላ፣ ወንበሩን ግድግዳ አስጠግተው ከፊትዎ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ፣ በደካማው ጎን ደግሞ ሰው ይኑር። ወደ ወንበሩ ጫፍ ይቅረቡ። እግሮችዎን ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ደካማውን ከጤነኛው ጥቂት አብልጠው ይሳቡት፣ ያኔ ሸክሙን ሳይወድ በግድ ይጋራል። አፍንጫዎ ከእግር ጣቶችዎ በላይ እስኪደርስ ወደ ፊት ያዘንብሉና ይነሱ። ሲቀመጡም ዝግ ይበሉ፤ ዱብ ማለት የለም። ደጋፊው ወገብዎን ይያዝ እንጂ ደካማውን ክንድ አይጎትት፣ ትከሻው ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ምርኩዝ የሚያዘው በጤነኛው እጅ ነው።

ለውጥዎን ደግሞ በግምት አይተዉት። በርግ የሚባል የሚዛን መለኪያ አለ፤ 14 ተግባራት አሉት፣ ከ56 ይታረማል። ሳይደገፉ መቀመጥ፣ ዞር ብሎ ማየት፣ ዕቃ ከመሬት ማንሳት፣ በአንድ እግር መቆም ይገኙበታል። ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢሆንም፣ ዓመት ያለፈው ሰውም በልምምድ ይሻሻላል፤ ስለዚህ «ጊዜው አልፎብኛል» ብለው ቀጠሮውን እንዳይሰርዙ! ስንት እንዳገኙ ፊዚዮቴራፒስትዎን ይጠይቁ፣ ቁጥሩን ካላንደሩ ላይ ይጻፉት፣ በሚቀጥለው ወርም እንደገና ይለኩ።