በኃይለኛ ነፋስ ውስጥ መወዳደር

ከፊት የሚመታ ነፋስ ከሯጩ የሚወስደውን ያህል ከኋላ የሚመጣው አይመልስም። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ማራቶኒስት፣ ነፋስ በሌለበት ቀንም ቢሆን አየሩን በዚያው ፍጥነት ይገፋል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊቱ ሲመጣበት አየሩ በ40 ይመታዋል፤ የአየር ጫና በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግም ሸክሙ ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ያው ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ጫናው ይጠፋል። አንድ አትርፎ ሦስት መክሰር ማለት ነው። «ስመለስ አካክሰዋለሁ» ብሎ በመሄጃው ኃይሉን የጨረሰ ሯጭ ሒሳቡን የሳተው ገና ከመነሻው ነው።

ከመሀል አዲስ አበባ ወደ አቃቂ ወርዶ መለማመድ በአትሌቶች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ሜዳው ከእንጦጦ ይልቅ ዝቅ ያለና ለጥ ያለ፣ እግርንም ለፍጥነት የሚያፍታታ ነው። ነገር ግን ልምምዱ የሚደረገው ማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሣ ነው። በበጋ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀችው በኋላ በአቃቂ በሰቃ የፋብሪካ አጥሮች መካከል አቧራ እያነሣ የሚነፍሰውን ነፋስ አብዛኛው ሯጭ ቤቱ ገብቶ ነው የሚሰማው። ከነፋስ ጋር የሚተዋወቀው ታዲያ በውድድር ቀን፣ ያውም በሰው አገር ይሆናል። ሌላም ችግር አለ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ባለ ቦታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ በእኩል ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ባሕር ዳር ባለ ከተማ በዚያው ልክ ከብዶ ይገፋል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ሆን ብሎ ከሰዓት በኋላ መሮጥ ያስፈልጋል፤ መሄጃውን በነፋሱ ላይ፣ መመለሻውን ከነፋሱ ጋር አድርጎ። ያላበው ሰውነት በመመለሻው ብርድ እንዳይመታው ይህ ቅደም ተከተል አይገለበጥም።

ይህ ልምምድ የሚሠራበት ቦታ ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ነው። ትናንት እርሻና ኮረኮንች የነበረው ዛሬ መጋዘን ነው፤ አስፋልቱ ላይ ወጣቱ የሚሮጠው ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፋ፣ ጭሱን እየሳበ ነው። ሜዳሊያ ሲመጣ አደባባይ የሚወጣ ሕዝብ ለሯጮቹ አንድ የመንገድ ዳር መንፈጉ ሊያሳፍረው ይገባል።

ነፋስን ከመቋቋሚያ ዘዴዎች ሁሉ ግን ከሰው ጀርባ መጠለልን የሚያክል የለም። እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ግሪፊዝ ፒዩ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በመካከለኛ ርቀት ፍጥነት ከሌላ ሯጭ አንድ ሜትር ያህል ወደኋላ ብሎ የሚሮጥ ሰው የአየሩን ጫና አብዛኛውን እንደሚያመልጥና የኦክስጅን ፍጆታው 6.5 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ ኤልዩድ ኪፕቾጌ ማራቶንን በ1:59:40 ሲጨርስ፣ ሰለሞን ባረጋን የመሰሉ አሯሯጮች እየተቀያየሩ በሰልፍ የከበቡት ለዚሁ ነው። በተራ ውድድር እንዲህ ያለ አጃቢ አይገኝም፤ ተፎካካሪው ራሱ መጠለያ መሆን አለበት። ነፋሱ ከጎን ሲመጣ በቀጥታ ከጀርባ መሆን ስለማይበቃ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት ተቃራኒ በኩል በሰያፍ መቆም ይገባል።

መጠለል ያለ መተካካት ግን አይዘልቅም። በአቃቂ ልጆች ዘንድ የሚነገር ታሪክ አለ። ክለብ ለመግባት በተደረገ የ10 ኪሎ ሜትር ሙከራ አንድ ጎበዝ ልጅ ገና ከመነሻው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ መራ። ሦስት ልጆች ከኋላው ተደረደሩ፤ እጁን እያወዛወዘ «ውጡ» ቢላቸው አንዳቸውም አልወጡም። ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሦስቱም አልፈውት ሄዱ፣ እሱም አራተኛ ወጥቶ ቀረ። አሠልጣኞች ይህን ለልጁ ስሕተት ማስተማሪያ ያደርጉታል፤ እውነትም ነው፣ የሚከተለው ካልወጣ መሪው ፍጥነቱን ቀንሶ ማስገደድ ነበረበት። የሦስቱ ጥፋት ግን ይበልጣል። በሌላው ድካም ተጠልሎ ተራ ሲደርስ መደበቅ ነውር ነው፤ እንዲህ ያደገ ሯጭ ነገ ለአገሩ ሲሰለፍም ለቡድን አይሠራም።

የ2018 እ.ኤ.አ. የቦስተን ማራቶን ለዚህ ትልቅ ምስክር ነው። ዕለቱ ብርድ፣ ዝናብና ከፊት የሚመጣ ኃይለኛ ነፋስ የተቀላቀሉበት ነበር። አሜሪካዊቷ ዴዚሬ ሊንደን ለማቋረጥ እያሰበች ሳለ የአገሯን ልጅ ሻለን ፍላናገንን በመንገድ ጠብቃ ከቡድኑ ጋር እንድትቀላቀል ረዳቻት። የኛዋ ማሚቱ ዳስካ በበኩሏ ተነጥላ ወጥታ ነፋሱን ብቻዋን ገፋችው፤ በኋላ ተደረሰባት፣ ውድድሩንም አቋርጣ ወጣች። ያሸነፈችው ሊንደን ናት፣ በ2:39:54። በወንዶቹም ሌሊሳ ዴሲሳና ታምራት ቶላ አልጨረሱም፤ ጃፓናዊው ዩኪ ካዋውቺ በ2:15:58 አሸነፈ። ብቃት የጎደለው አንዱም አልነበረም። ነፋስ ባለበት ቀን ቀድሞ መነጠል ግን ከማንም ብቃት በላይ ያስከፍላል።

ፍጥነትን በሰዓት መለካት ነፋስ ባለበት ቀን አይሠራም። በፊት ነፋስ አምስት ኪሎ ሜትሩ በዘገየ ቁጥር «ሰዓቱ አመለጠኝ» ብሎ የሚጨምር ሯጭ የኋላውን ግማሽ ይሸጣል። መለኪያው ትንፋሽ ነው፤ በጸጥታ ቀን በዚያ ርቀት ላይ የሚኖረው ትንፋሽ ካልተለወጠ ፍጥነቱ ልክ ነው። ማናጀሮች ከአየሩ ጋር ሳይማከሩ የሚሰጡት የሰዓት ትእዛዝ ብዙ ልጆችን ሰብሯል።

ነፋሱ ከፊት ሲሆን እርምጃ ያጥራል፣ ሰውነት ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ በጥቂቱ ወደፊት ያዘነብላል፤ ከወገብ መጉበጥ ትንፋሽ ይዘጋል። ልብስ ከገላ የሚጣበቅ ይሁን፣ የመለያ ቁጥሩም በአራቱም ማዕዘን ይያዝ።

ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ሌላ አደጋ ይመጣል። ሯጩና ነፋሱ እኩል ሲጓዙ በገላው ዙሪያ አየር ስለማይንቀሳቀስ ላብ አይደርቅም፣ ሙቀትም አይወጣም። ቀለለኝ ብሎ ውኃ ማለፍ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

የተመዘገበ ሰዓት ሲነበብም ነፋሱ ይቆጠር። በ2011 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ ነፋሱ ከኋላ ነበር፤ ጄፍሪ ሙታይ በ2:03:02 አንደኛ፣ ገብረእግዚአብሔር ገብረማርያም በ2:04:53 ሦስተኛ ወጡ። የሙታይ ሰዓት ግን በዓለም ክብረ ወሰንነት አልጸደቀም። ደንቡ የመነሻና የመድረሻው የቀጥታ ርቀት ከውድድሩ ርዝመት ግማሽ እንዳይበልጥ፣ ቁልቁለቱም በኪሎ ሜትር ከአንድ ሜትር እንዳያልፍ ያዛል፤ ቦስተን ሁለቱንም አያሟላም። በአጭር ርቀት እስከ 200 ሜትር ባሉት ሩጫዎች፣ በርዝመትና በሱሉስ ዝላይ ደግሞ የኋላ ነፋስ በሰከንድ ከ2 ሜትር ካለፈ ክብረ ወሰን አይመዘገብም። በፊት ነፋስ ለተሮጠ ሰዓት ማካካሻ የሚሰጥ ደንብ ስለሌለ፣ አሠልጣኙ በመዝገቡ ላይ ከሰዓቱ ጎን የነፋሱን አቅጣጫና ኃይል ይጻፍ።