የወጪ መጋራት ውል ዕዳም አማናም ነው

የዛሬው ትምህርታችን በየዓመቱ ምዝገባ ላይ ብዙዎቻችን ሳናነብ ስለምንፈርመው ቅጽ ነው።

ቀድሞ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመደበኛ ተማሪን ትምህርት፣ ምግብና መኝታ የሚሸፍነው መንግሥት ነበር። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ሥርዓት መጣ። በደንቡ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። አሁን ካልከፈለ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጣል። በ2017 ዓ.ም. የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ሲያድግ ሁላችንም አልሐምዱሊላህ ብለናል። ግን እናስላው። በ300 ቀን 6,600 ብር የነበረው 30,000 ብር ይሆናል። ኖን ካፌ ሆናችሁ ብሩን በእጃችሁ የምትቀበሉትም ያው ናችሁ።

«የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ ማን ይጠይቀኛል?» የሚል አይጠፋም። የፈረምነው ግን ውል ነው፤ ሙስሊም ደግሞ በውሉ ይታሰራል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ሲቀርብላቸው፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን እኔ እከፍላለሁ እስኪሉ ድረስ አልሰገዱበትም ነበር። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንያዝ።

አንደኛ፦ መጻፍ። በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራህ 282፣ ስለ ዕዳ አጻጻፍ ነው። ቅጹን አንብባችሁ ፈርሙ፤ ኮፒውን አስቀምጡ፤ የየዓመቱን መጠን በደብተራችሁ መዝግቡ። ለቤተሰብም ንገሩ። ልጃቸው በነፃ የሚማር የሚመስላቸው ወላጆች ብዙ ናቸው።

ሁለተኛ፦ ለመክፈል መነየት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ምክንያቱን ሲጠየቁ ባለዕዳ ሲናገር እንደሚዋሽ፣ ቃል ሲገባም እንደሚያፈርስ ነግረዋል። ሥራ ስትይዙ ለቀጣሪያችሁ ዕዳችሁን አትደብቁ። ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ክፈሉ።

ሦስተኛ፦ የጀመዓው ድርሻ። በወሎ ደረሳ ከቤቱ ርቆ ሼኽ ዘንድ ሲቀራ የሚያበላው የአካባቢው ሰው ነበር። የዕውቀት ወጪ በአንድ ደሃ ቤተሰብ ትከሻ ላይ ብቻ አይጣልም ነበር። ዛሬም ተመርቃችሁ ሥራ የያዛችሁ፣ ለሃንድአውት፣ ለትራንስፖርትና ለልብስ የቸገረውን ታናሽ ወንድማችሁን አስታውሱ። በአት-ተውባህ 60 ላይ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ በዕዳ የተያዘ ሰው ነው። ተመርቆ ሥራ ያጣና መክፈል ያቃተው ወንድም ወይም እህት ካለ፣ ጉዳዩን ለዑለሞቻችን አቅርቡ። ሰው አፍሮ ዝም ስላለ አልተቸገረም ማለት አይደለም።

ሸክሙ ወደ ተማሪውና ወደ ቤተሰቡ መዞሩ ፍትሐዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በአደብ መወያየት ይቻላል፤ ሐሳባችንንም በተማሪዎች ኅብረት በኩል እናቅርብ። የፈረምነው ዕዳ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

አላህ ከዕዳ ጭንቀት ይጠብቀን፤ ጠቃሚ ዕውቀትና ሐላል ሪዝቅ ይስጠን። አሚን።