ኢትዮ ሳት ወደ በለሳ፣ ናይል ሳት ወደ ጭልጋ

ጎንደር፣ ማራኪ ላይ ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹን ላስተዋለ ሰው ዲሾቹ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ጀርባውን ጥሎ በምሥራቅ፣ በበለሳ በኩል ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። ሌላው ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጭልጋ ያያል። ፒያሳ ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ኖረው አሁን ቤት የዋሉት ሽማግሌ፣ ይህን ሳይለይ ዲሽ የሚተክል ሰው ያበሽቃቸዋል። በመስቀል ማግስት ግን ግቢያቸው ውስጥ የተከራየችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያገለገለ ባለ 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ፣ ሪሲቨርና ጥቅል ኬብል ይዛ ስትገባ ደስ አላቸው።

«ጋሼ፣ ዲሽ ሠሪው ዛሬ በዓል ላይ ነኝ አለኝ። ራሴ ብሞክረውስ?»

«ማን ከልክሎሽ! የትኛውን ጣቢያ ነው የፈለግሽው?»

«ኢቲቪን፣ ፋናን፣ አማራ ቴሌቪዥንን።»

«እንግዲያው ኢትዮ ሳት ነው» አሉ በርጩማቸውን እያስጠጉ። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስ ኢ ኤስ ከተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋር ተስማምቶ የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን ወደዚህ ማምጣቱን፣ ብዙዎቹም ከዚያ በፊት ናይል ሳት ላይ እንደነበሩ አስታወሷት። ያን ሰሞን የጎንደር ዲሽ ሠሪ እንቅልፍ አልነበረውም። ግማሹ ከተማ ዲሹን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያዞር ነበር።

«ሳተላይቱ ራሱ የት ነው ያለው?»

«ኤን ኤስ ኤስ 12 ይባላል፤ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ በላይ ነው። ከምድር ወገብ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ለእኛ የቆመ ይመስለናል። እኛ ያለነው 37 ዲግሪ ተኩል ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ ሆነሽ ስታዪው በደቡብና በምሥራቅ መካከል፣ ወደ ምሥራቁ ጠጋ ብሎ ነው።»

«አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ከፍታውን 66 ዲግሪ አድርጊው ብሎኛል።»

«ለእሱ ልክ ነው። ለጎንደር 63 ነው። አቅጣጫውም ቢሆን ከሰሜን ተነስተሽ ስትቆጥሪ አዲስ አበባ ላይ 115፣ እዚህ ግን 122 ግድም ነው። ሦስት ዲግሪ ምን አላት እንዳትዪ። የዚህ ዲሽ ዓይን ስፋቱ ሁለት ዲግሪ ነው። አንድ ዲግሪ ከሳተ የሚይዘው ጉልበት በግማሽ ይወርዳል። የዲሹን ጠርዝ 8 ሚሊ ሜትር ብትገፊው እዚያ ላይ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ፈቀቅ አልሽ ማለት ነው።»

ልጅቷ የጣቷን ጥፍር አየችና ዝም አለች።

ኮምፓስ በስልኳ ልትከፍት ስትል ሽማግሌው ከለከሏት፤ ቆርቆሮና የብረት ምሰሶ አጠገብ ኮምፓስ ይዋሻል። ይልቅ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቋት። አምስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

«ፀሐይዋን ተመልከቺ፤ ዓይንሽን ግን ጠብቂ። በመስቀል ሰሞን፣ እንዲሁም በመጋቢት አቦ ሰሞን፣ አምስት ሰዓት ገደማ ፀሐይ ከጎንደር ስትታይ ልክ ከኢትዮ ሳት ጀርባ ታልፋለች። ለጥቂት ደቂቃ የእሷ ጩኸት የሳተላይቱን ድምፅ ስለሚውጠው ሥዕሉ ይቆራረጣል። ሰው ሪሲቨሩ ተበላሸ ብሎ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል፤ እኔ ራሴ ስንቱን ‹ቡና ጠጥተህ ተመለስ› ብዬ ሸኝቻለሁ! ለአንቺ ግን ዛሬ ሲሳይ ነው። አሁን ፀሐይ ያለችበት ቦታ ዲሽሽ የሚያየው ቦታ ነው።»

ልጅቷ ምሰሶውን ልትተክልበት ወዳሰበችው ጥግ ዞር ስትል የባሕር ዛፉ ጥላ ሙሉ በሙሉ ወድቆበት አገኘችው። አሁን ጥላ ያለበት ቦታ ሳተላይቱንም አያይም። ቦታው ወዲያው ተቀየረ፤ ከውሃ ጋኑ አጠገብ፣ ፀሐይ ቦግ ያለችበት።

የምሰሶው ነገር ብዙ አያነጋግርም፤ በቱንቢ ቀጥ ማለቱ ይረጋገጣል፣ ከተጋደለ የዲግሪው ቁጥር ሁሉ ከንቱ ነው። ኬብሉ ላይ ግን ሽማግሌው ጠንከር አሉ። ሪሲቨሩ ከሶኬት ሳይነቀል ኮኔክተር አይነካም፤ በኬብሉ 13 ወይም 18 ቮልት ዲሹ ፊት ወዳለው ሲግናል ተቀባይ፣ ወደ ኤል ኤን ቢው ይሄዳል። ልጅቷ የላጠችውን ጫፍ መነጽራቸውን አድርገው መረመሩት፤ ከዙሪያው ሽቦ አንዲት ፀጉር የምታህል ክር መሐል ያለውን መዳብ ነክታ ነበር። በጥፍራቸው መንጥቀው ጣሏት። «ይቺ ናት ሪሲቨር የምታቃጥለው።»

«ዲሹ ግን 63 ላይ አስሬው እንኳ ዝቅ ያለ ይመስላል» አለች።

«ፊቱን አትመኚው። ኤል ኤን ቢው ከመሐል ሳይሆን ከታች የተተከለበት ዲሽ ከሚመስለው 25 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው የሚያየው። ከጀርባው ብረት ላይ ያለውን ቁጥር እዪ።»

ሜኑው ውስጥ የሚሞላው ጥቂት ነው፤ ኤል ኤን ቢ ዩኒቨርሳል፣ 22 ኬ ጠፍቶ፣ ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ኤች፣ ሲምቦል ሬት 45000። ሪሲቨሩ ኤች ዲ መሆን አለበት። የሽማግሌው የልጅ ልጅ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ በመስኮት ቁጥር መጥራት ጀመረ።

«ሰባ አምስት!»

«ደረሰልን!» አለች ልጅቷ።

«የትኛው ነው ሰባ አምስት?» ሲሉ ጮኹ ሽማግሌው። የላይኛው ነበር። «እሱ ስትሬንግዝ ነው። ኤል ኤን ቢው መብራት አገኘ ማለት እንጂ ሳተላይት አገኘ ማለት አይደለም፤ ዲሹን ወደ መሬት ብትደፊውም አይጠፋም። የታችኛውን፣ ኳሊቲውን ጥራ!»

ዜሮ ነበር። ዲሽ ገፍቶ ወዲያው መልሶ መግፋት ያለ ነው፤ ሪሲቨሩ ግን ሲግናሉን ለመያዝ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ይፈልጋል። ስለዚህ ትንሽ ገፋ፣ ቆም። ወደ ግራ ሦስተኛው ግፊት ላይ ልጁ «አርባ!» አለ። ከዚያ ኤል ኤን ቢው ራሱ በመያዣው ውስጥ ቀስ እያለ ዞረ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ሆነን ሳተላይቱ ወደ ጎን ስለራቀ፣ ኤል ኤን ቢው በደንብ ካልተጋደለ ኤች እና ቪ የሚባሉት የሞገድ አቅጣጫዎች ይደባለቁበታል። ኳሊቲው 68 ደረሰ።

«ሥዕሉ መጥቷል፣ አይበቃም?»

«ለዛሬ ይበቃል። ለሐምሌ አይበቃም። ዝናብ የዚህን ሞገድ ጉልበት ይበላል። ትርፍ ያዢለት። ብሎኑንም አንዱን አጥብቀሽ አትጨርሺ፤ እያፈራረቅሽ አጥብቂ፣ ዲሹ በመጨረሻው ዙር ነው የሚሸሸው።»

82 ላይ ታሰረ። ኬብሉ ከኤል ኤን ቢው ሥር ዝቅ ብሎ እንዲታጠፍ ተደረገ፤ የዝናቡ ውሃ እዚያው ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ኮኔክተሩ አይገባም።

«ናይል ሳትንስ? እዚሁ ዲሽ ላይ ሁለተኛ ኤል ኤን ቢ ብጨምርበት?»

«እሱ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው፤ በሁለቱ መካከል 64 ዲግሪ አለ፤ አንድ ዲሽ አይችለውም። ሌላ ዲሽ ወደ ጭልጋ አዙረሽ 37 ላይ ታስሪያለሽ። ከዚያ ሁለቱን ኬብል ስዊች ላይ ሰክተሽ ከስዊቹ አንድ ኬብል ወደ ሪሲቨሩ ታወርጃለሽ። ሜኑው ላይ ኢትዮ ሳትን 1፣ ናይል ሳትን 2 በዪው።»

«ስዊች ስንት ይሸጣል?»

«አራዳ ወርደሽ ጠይቂ። ከተከራከርሽ ይቀንሱልሻል።»